እጅ የለመደ ውሻ፦ የውሻና የድመት ጤና አያያዝ በአንኮበር ደጋ

ውሻና ድመት ከሰው ጋር በአንድ ግቢ ሲኖሩ ጤናቸው የእነርሱ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። በተለይ በግ በሚረባበት የደጋ አገር የውሻው አንጀት፣ የበጉ ጉበትና የሕፃኑ እጅ በአንድ የበሽታ ሰንሰለት የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ሳይነካ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህ ዝግጅት ያንን ትስስር በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበርና በአካባቢዋ ያለውን አኗኗር መነሻ በማድረግ ያብራራል፤ የውሻና የድመት እንክብካቤ የከተማ ባለጸጋ ቅንጦት ሳይሆን የአርሶ አደሩ ቤት የዘወትር ሥራ መሆኑን፣ ለዚህም ቀዳሚው እርምጃ እንስሳውን ገና በሕፃንነቱ እጅ ማስለመድ መሆኑን ያስረዳል።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በገደል በሚወርድበት አፋፍ ላይ የምትገኝ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነገሡባት፣ ዳግማዊ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከማዛወራቸው በፊት የተቀመጡባት ጥንታዊ ከተማ ናት። ከወረዳው ዋና ከተማ ከጎረቤላ በላይ ያለው ደጋ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚሰማራበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት አገር ሲሆን፣ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ደግሞ አየሩ እየሞቀ፣ አዝመራውም እየተለወጠ ይሄዳል። በዚህ አገር ውሻ የሚያዝበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በጨለማ ከገደሉ ሥር የሚወጣውን ጅብ፣ አልፎ አልፎም ነብርን ከበረቱ እንዲያርቅ ነው። ድመትም የምትያዘው ጎተራውን ከአይጥ እንድትጠብቅ ነው። ሁለቱም ለሥራ የተያዙ እንጂ ለጨዋታ የተያዙ አይደሉም፤ ሆኖም ለበሬና ለበግ የሚደረገው የጤና ክትትል ለእነርሱ ሲደረግ እምብዛም አይታይም። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው አባባል ቃል በቃል ቢወሰድ ኖሮ፣ ከደጋው ውሾች ብዙዎቹ ሌሊቱን በዝምታ ባሳለፉት ነበር።

የእንስሳት ደኅንነት ሲባል እንስሳው አለመታመሙ ብቻ ሳይሆን አካሉም ስሜቱም ሳይጎዳ፣ እንደ ተፈጥሮው መኖሩ ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ ስለ እርባታ እንስሳት አያያዝ ሪፖርት ካቀረበ በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ደግሞ አምስቱ ነጻነቶች ተብለው የሚጠሩት መመዘኛዎች ተቀመሩ። እነርሱም ከረኃብና ከጥማት፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነጻ መሆን፣ እንዲሁም የተፈጥሮ ጠባይን ያለ ክልከላ መግለጥ ናቸው። መመዘኛዎቹ ለላምና ለአሳማ ቢዘጋጁም ለውሻና ለድመት ከሚሠሩት በላይ የሚሠሩበት እንስሳ የለም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ውሻና ድመት ምግባቸውንም መጠለያቸውንም ሙሉ በሙሉ ከሰው ጋር ያቆራኙ ፍጥረታት ናቸው።

በአንኮበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ውሻን ከጸሎት ስፍራ ያርቃል፤ ድመት ግን በሁለቱም ዘንድ ከምድጃው አጠገብ ትተኛለች፣ በእስልምና ትምህርትም ንጹሕ እንስሳ ሆና ትቆጠራለች። ይህ ልማድ ለዘመናት የኖረ በመሆኑ ተገቢነቱን መመርመር የዚህ ዝግጅት ዓላማ አይደለም፤ ነገር ግን በጤና ረገድ የሚያስከትለውን ውጤት ማስተዋል ያስፈልጋል። ውሻውን ማንም ስለማይዳስሰው በጆሮው ውስጥ የተጣበቀው መዥገር፣ በቆዳው ላይ የተነሣው እከክ፣ በእግሩ የተሰካው እሾህ የሚታወቀው እንስሳው ከመክሳቱ ወይም ከማንከሱ በኋላ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለክትባት ወደ ቀበሌው በመጣ ጊዜ ባለቤቱ የገዛ ውሻውን መያዝ የማይችል ሆኖ መገኘቱ ነው። ክትባቱ ቢኖር፣ ባለሙያው ቢገኝ፣ ውሻው ግን ካልተያዘ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

የዚህ መፍትሔ በቡችላነት ዕድሜ ይገኛል። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያየውን ሰው፣ የሚሰማውን ድምፅና የሚዳስሰውን እጅ እንደ ወዳጅ የሚቀበልበት አጭር ዘመን አለው፤ ይህ ዘመን ካለፈ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራዋል፣ የፈራ ውሻም ይነክሳል። ስለዚህ ቡችላው በዚህ ጊዜ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ እየተዳሰሰ፣ አፉ እየተከፈተ፣ ጆሮውና እግሩ እየታየ፣ በገመድ መታሰርን እየለመደ ቢያድግ፣ ሲጎለምስ ለመርፌም ለቁስል ማጠቢያም የማያስቸግር ይሆናል። እጅ መልመዱ የጥበቃ ሥራውን ያዳክምበታል የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም፤ ውሻ እንግዳን የሚለየው የቤቱን ሰዎች ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

ከበሽታዎቹ መካከል በደጋው አኗኗር ውስጥ ሥር የሰደደውና ከሁሉ ያነሰ ትኩረት ያገኘው ከበግ እርድ ጋር የተያያዘው ነው። በአንኮበር ገጠር በግ የሚታረደው በቄራ ሳይሆን በየጓሮው ሲሆን፣ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ፣ በሙስሊሙ ቤት ደግሞ በአረፋ፣ በአንድ ማለዳ ብዙ በግ ይወድቃል። አራጁ ሆድ ዕቃውን ሲከፍት በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካየ ያንን ክፍል ቆርጦ አጠገቡ አፉን እያላሰ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውርለታል። ድርጊቱ ደግነት ይመስላል፤ ለአንድ ትል ግን ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ትሉ በሳይንሳዊ ስሙ ኤኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ ይባላል፤ ከኮሶ ትል ወገን ሲሆን እንደ ዘመዱ የረዘመ ሳይሆን ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጥቃቅን ፍጥረት ነው። ውሻው ያንን ከረጢት ሲበላ በውስጡ ያሉት የትሉ ጽንሶች በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው በስድስትና በሰባት ሳምንት ውስጥ ለአቅመ መራባት ይደርሳሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች ቢኖሩበት እንኳ ውሻው ብዙውን ጊዜ የሕመም ምልክት አያሳይም። ዕንቁላሎቹ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጡና በግጦሹ ሣር ላይ ይበተናሉ፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ስለሚስማማቸውም እንደ አንኮበር ባለ ጉምና ጭጋግ በማይለየው ደጋ ለወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ። በጉ ከሣሩ ጋር ሲውጣቸው በጉበቱና በሳንባው ላይ አዲስ ከረጢት ይፈጠራል፤ ሰው ደግሞ ዕንቁላሉን የሚወስደው ባልታጠበ እጅ፣ በጥሬው በሚበላ አትክልት ወይም ከውሻው ጠጉር ነው። በሰው አካል ውስጥ ከረጢቱ ለዓመታት በዝግታ ስለሚያድግ፣ በልጅነቱ የተያዘ ሰው ሕመሙ የሚሰማው ከጎለመሰ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገናን የሚጠይቅ፣ ከረጢቱ ቢፈነዳም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ሌላው የዚሁ ወገን ትል ቴኒያ መልቲሴፕስ ሲሆን፣ የእርሱ ጽንስ የሚቀመጠው በበጉ አንጎል ውስጥ ነው። አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ወገን የሚዞር፣ ከመንጋው የሚቀር፣ በመጨረሻም ወድቆ የሚሞት በግ የደጋው እረኛ የሚያውቀው ትዕይንት ነው። የዞረው በግ ታርዶ ጭንቅላቱ ለውሻ ሲሰጥ በሽታው ክብ ሠርቶ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በመንዝ ዝርያው በሚታወቀው በዚህ የበግ አገር የውሻውን ሆድ ማከም በቀጥታ ንብረትን መጠበቅ ነው።

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ መድኃኒት እስኪገኝ መጠበቅ እንደማያሻ የአይስላንድ ታሪክ ያሳያል። ይህች የብርድና የበግ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ የከረጢት በሽታ እጅግ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም. ሃራልድ ክራበ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ ወደዚያ ተልኮ በሽታውን ካጠና በኋላ፣ የውሻና የበጉን ትስስር በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ለየቤተሰቡ ታደለ። ውጤታማ የትል መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ በዋናነት ሕዝቡ የታመመ ሆድ ዕቃ ለውሻ መስጠትን በመተውና በመቅበሩ በሽታው በየትውልዱ እየመነመነ ሄዶ በኋላ ጠፋ። አይስላንዳውያን ያነበቡትን መጽሐፍ አንኮበሬው በሬዲዮ ቢሰማው ውጤቱ የማይመጣበት ምክንያት የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእርዱ በፊት ውሾች ሊቆፍሩት የማይችሉት ጥልቅ ጉድጓድ ይዘጋጃል፤ ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ፣ የዞረ በግ ጭንቅላትም በዚያ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ለውሻው የሆድ ዕቃ ድርሻ መስጠት የፈለገ ሰው ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በሚፈላ ውኃ ቀቅሎ መስጠት ይችላል፤ ፍላቱ ጽንሱን ይገድለዋል። በሕክምና በኩል የዚህ ትል ፍቱን መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ሲሆን፣ ለሰው የብልሃርዝያ ሕክምናም የሚውል ነው፤ ትሉ ዕንቁላል መጣል ከመጀመሩ በፊት እንዲሞት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ልዩነት ቢሰጥ ይመረጣል፣ መጠኑም በውሻው ክብደት ስለሚወሰን ባለሙያ ሊያዘው ይገባል። መድኃኒቱ በተሰጠ በሁለት ቀን ውስጥ የሚወጣው ዓይነ ምድር በትልና በዕንቁላል የተሞላ በመሆኑ ውሻው በእነዚያ ቀናት ታስሮ ይቆያል፣ ዓይነ ምድሩም ይቃጠላል ወይም በጥልቀት ይቀበራል። ለበግ ከተገዛው የትል መድኃኒት ቆንጥሮ ለውሻ መስጠት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያተርፈው የውሸት እርካታ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ከዚህ ይልቅ የሚታወቅና የሚፈራ ነው፤ ይሁን እንጂ መፈራቱ በትክክል ከመታወቁ ጋር አንድ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ በሽታው ታሪክ በጻፉት ጥናት እንደሚያመለክቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1885 ዓ.ም. በፓሪስ ዮሴፍ ማይስተር የተባለ በውሻ የተነከሰ ልጅን ከትቦ ያዳነ ሲሆን፣ በእርሱ ስም የተሰየመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩትም በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም የእርሱ ወራሽ ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ያገለገለው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ፌርሚ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ በሆድ ላይ በየቀኑ በተከታታይ መወጋትን ይጠይቅ ነበር። ብዙ ሰዎች ዛሬም ከሐኪም ቤት የሚሸሹት ያንን በማሰብ ነው። ዘመናዊው ክትባት ግን በክንድ ላይ፣ በጥቂት ቀጠሮዎች የሚሰጥ በመሆኑ የቀድሞው ፍርሃት ቦታ የለውም።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በታመመ እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ፣ በቧጨራ ወይም ቁስልን በመላስ ወደ ሥጋ ከገባ በኋላ በነርቭ መስመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ስለሚፈጅ የተነከሰው ሰው ለሳምንታት ጤነኛ ሆኖ ይሰነብታል፤ ክትባቱ የሚያድነው በዚህ የዝምታ ጊዜ ውስጥ ሲሰጥ ሲሆን፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ሞት የማይቀር ነው ለማለት ይቻላል። ጠበልና የሥራይ መድኃኒት የሚሹ ሰዎች ከዚህ የዝምታ ጊዜ የተነሣ ይሳሳታሉ፤ ከተነከሱት ሰዎች ብዙዎቹ፣ ውሻው ያላበደ በመሆኑ፣ ያለ መድኃኒትም የማይታመሙ በመሆናቸው፣ መድኃኒተኛው ያዳነው ይመስላል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ለዚህ የሚሰጠው የእንዶድ ሥር ራሱ መርዛማ ነው። እምነት ያለው ሰው ወደ ጠበል መሄዱን የሚከለክለው የለም፤ ከጠበሉ በፊት ግን ጤና ጣቢያ መድረስ ይኖርበታል።

የተነከሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ አለበት፤ ሳሙና ቫይረሱን ስለሚያፈርሰው ይህ እጥበት ለቁስል ንጽሕና ብቻ የሚደረግ ሳይሆን የሕክምናው የመጀመሪያ ክፍል ነው። የቡና ዱቄት ወይም አመድ መነስነስ ቁስሉን ከመበከል በቀር ጥቅም የለውም። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ክትባቱ በዚያ ከሌለም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ፊቱን፣ አንገቱን ወይም እጁን የተነከሰ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ሕፃን፣ ቫይረሱ ለአንጎል የቀረበ ወይም ነርቭ የበዛበት ቦታ ስላገኘ የበለጠ መቸኮል አለበት። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው ውስጥ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

የነከሰውን ውሻ ወዲያው በዱላ ራሱን መትቶ መግደል የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ድርብ ነው። ውሻው ወይም ድመቷ ጤነኛ ከመሰሉ በጠንካራ ማሰሪያ ወይም በተዘጋ ቤት ለ10 ቀን ክትትል ይደረግባቸዋል፤ በምራቃቸው ቫይረስ ኖሮ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ ውስጥ ታመው ይሞቱ ነበርና፣ ከ10 ቀን በኋላ ደኅና ከሆኑ የተነከሰው ሰው ሥጋት ይወገዳል። እስከዚያው ድረስ የሰውየው ክትባት አይቋረጥም። እንስሳው ሞቶ ቢገኝ ወይም መገደሉ ግድ ቢሆን ደግሞ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ራሱ መፍረስ የለበትም። ምልክቱም ሁልጊዜ መቅበዝበዝና መናከስ አይደለም፤ ድምፁ የሚለወጥ፣ ጥግ ይዞ የሚተኛ፣ መንጋጋው ወርዶ ለሐጩ የሚዝረከረክ ዝምተኛ ዓይነትም አለ። እንዲህ ያለውን ውሻ አጥንት አንቆታል ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው የሚከት ሰው ሳይነከስ በበሽታው ሊያዝ ይችላል።

መከላከያው የታወቀ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ቫይረሱ ከውሻ ወደ ውሻ የሚሸጋገርበት መንገድ ስለሚዘጋ በሽታው ይከስማል። የመጀመሪያው ክትባት በሦስት ወር ዕድሜ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል፤ ድመትም እንዲሁ ትከተባለች። በገጠር የውሻ ዕድሜ አጭር በመሆኑና በየዓመቱ አዳዲስ ቡችሎች ስለሚወለዱ፣ አንድ ዓመት ብቻ ዘምቶ ማቆም ያለፈውን ድካም ያባክናል። ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መፍጀት፣ በከተሞቻችን የቆየ አሠራር ቢሆንም፣ በሽታውን አይቀንስም፤ የሞቱትን ውሾች ቦታ ከሌላ ሠፈር የመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይሞሉታል፣ የተከተቡትም አብረው ያልቃሉ። የመርዙ ሥቃይ፣ ሬሳውን ለሚበሉት ጥንብ አንሣዎች የሚተርፈው ሞትም ሳይቆጠር ነው።

ከአንኮበር በስተሰሜን በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ለዚህ ነገር ሌላ ገጽታ ይሰጠዋል። ስፍራው በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂ እንስሳት ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተሻግሮ ወረርሽኙ በደረሰባቸው ሸለቆዎች ብዙ እንስሳትን ፈጅቷል፤ ዲስተምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ተከትሎ ጥፋት አድርሷል። እረኛን ተከትሎ ወደ ጓሳ የሚወጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ፣ የመንዝ ሕዝብ ለዘመናት ቄሮ በተባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓቱ ጠብቆ ያቆየውን ሀብት ሊያጠፋ ይችላል።

ወደ ምግብ ሲመጣ፣ የደጋው ቤት ለውሻና ለድመት የሚሰጠው የወጥ ትርፍና የእንጀራ ቁራሽ ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስበው ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ድመት ደግሞ ከውሻ ይልቅ በጥቂቱ ትጎዳለች። ወጣችን በሽንኩርት ስለሚጀመር ከድስቱ ሽንኩርት የሌለበት ክፍል ማግኘት አይቻልም፤ ስለዚህ የተሻለው መንገድ የገብስ ገንፎን ከቅንጥብጣቢ ሥጋ ወይም ከአጥንት መረቅ ጋር ለብቻ ማዘጋጀት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። ንጹሕ ውኃ በየቀኑ መቀየር አለበት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

የድመት ጉዳይ ከውሻ የተለየ ነው። ውሻ በእህል ላይ ጥቂት ሥጋ ታክሎበት ሊኖር ሲችል፣ ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ከእንስሳት ሥጋ ካላገኘች ዓይኗ ይፈዛል፣ ልቧም ይደክማል። በክርስቲያን ቤት ከዓመቱ ግማሽ የሚያህለው ጾም በመሆኑ ድመቷ በእነዚያ ወራት ሽሮና እንጀራ ብቻ ትቀርብላታለች፤ የምትድነውም በአይጧ ነው። አይጥ እንድትይዝ ተብላ ሆን ተብሎ የምትራብ ድመት ግን ለአደን የሚሆን ጉልበት አይኖራትም፤ የተቀቀለ ዕንቁላል ወይም ቅንጥብጣቢ ሥጋ በጾምም ቢሆን ለእርሷ ቢሰጥ የሚሻር ሥርዓት የለም። ድመት ባለችበት ቤት የአይጥ መርዝ መጨመርም ሁለቱንም ማጣት ነው፤ የተመረዘውን አይጥ የምትበላው እርሷ ናትና።

ለሰው የሚሆን መድኃኒት ለእንስሳ ይሆናል የሚለው ግምት ብዙ ድመቶችን ገድሏል። አንዲት የፓራሲታሞል ፍሬ ድመትን ልትገድል ትችላለች። ለበግ መዥገር የተገዛው ዲያዚኖንም ቢሆን ጠጉሯን በምላሷ ለምታጸዳ ድመት ሞት ነው፤ ለውሻም የሚስማማው ለውሻ የተዘጋጀው ብቻ ነው።

ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ድመት ትባረር የሚለው ምክር ከልክ ያለፈ ነው። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ቢወጣም ወደ ሰው የሚተላለፍበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚፈጅ፣ ዓይነ ምድሩን ሌላ ሰው በየቀኑ ቢያነሣው፣ እርሷም ከአፈር ሥራ በኋላ እጇን ብትታጠብ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋ መተው ግን የግድ ነው፤ ተሕዋሱ በዚያም ይመጣል።

ስለ መጠለያ የሚባለው ጥቂት ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣራ ያለው፣ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ማደሪያ ውርጩን ይመክታል። ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ከሆነም ማሰሪያው ረዘም ያለ፣ ጥላና ውኃ የሚደርስበት ሊሆን ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚውል ውሻ ተናካሽ የሚሆነው ከጀግንነቱ ሳይሆን ከጭንቀቱ ነው። ኃይለኛ ይሁን ተብሎ የቡችላን ጆሮ መቁረጥም ሥቃይና ቁስል እንጂ አንዳች ጥቅም የሌለው ድርጊት ስለሆነ መቅረት አለበት።

ሴት ቡችሎችን በገደል ወይም በመንገድ ዳር መጣልም ተመሳሳይ ጭካኔ ነው፤ ከሞት የተረፉት ባለቤት አልባ ሆነው ለበሽታ መተላለፊያ ይሆናሉ። ሴት ውሻ በስድስትና በሰባት ወር ልዩነት ለሦስት ሳምንት ያህል ወንድ ትፈልጋለች፣ ከ63 ቀን ገደማ በኋላም ትወልዳለች። በዚያ ሦስት ሳምንት ተዘግታ ብትቆይ አላስፈላጊ ውልደት ይቀራል፤ ባለሙያ በሚገኝበት ቦታ ወንዱን ማኮላሸት ወይም ሴቷን በቀዶ ጥገና ማምከን ደግሞ ዘላቂ መፍትሔ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071፣ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ሳያስበው ከእጁ አምልጦ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ያልተከተበ ውሻን ያለ ማሰሪያ መልቀቅ በጎረቤት ላይ ብቻ ሳይሆን በራስ ላይም ዕዳ መግዛት ነው።

በዓለም ዙሪያ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን የሚታሰበው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ ፓስተር ባረፈበት ዕለት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። የአንኮበርና የአጎራባች ወረዳዎች አርሶ አደሮች ለመስቀል በግ ከማረዳቸው በፊት የሆድ ዕቃውን ጉድጓድ እንዲቆፍሩ፣ በማግስቱም የቀበሌያቸውን የእንስሳት ጤና ኬላ ስለ ውሻና ድመት ክትባት እንዲጠይቁ፣ ቡችላ ያላቸውም ከዛሬ ጀምሮ እጅ እንዲያስለምዱት ይህ ዝግጅት ያሳስባል።